የአስቴር ቤት ሶኬት

ጡረታ የወጣሁ ዕለት በሆስፒታላችን አዳራሽ ሽኝት ተደርጎልኝ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ማይኩን ይዞ "ወይዘሮ ታደለች በጥገና ክፍላችን…" እንዳለ መብራት ጠፋ። ከኋላ ተቀምጠው የነበሩት ሁለት ወጣት ቴክኒሻኖች ተነስተው ወደ ጄኔሬተር ክፍል ሮጡ። እኔም ከልማዴ ብድግ ብዬ ነበር። አጠገቤ ያለችው ነርስ እጄን ያዝ አድርጋ "ዛሬስ ተቀመጪ፣ እትዬ ታደሉ" አለችኝ። ተቀመጥኩ። ሥራ ከጀመርኩ ወዲህ መብራት ጠፍቶ ወንበሬ ላይ ስቀመጥ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ በልቤ እቆጥር ነበር። ንግግሩ ሲቀጥል ምን እንደተባለልኝ አልሰማሁም። ጋቢ አለበሱኝ፣ የግድግዳ ሰዓት ሰጡኝ፣ በባጃጅ ቤቴ ገባሁ። ሰዓቱን ለማን እንደማሳየው ግራ ገብቶኝ ከነካርቶኑ አልጋ ሥር አስቀመጥኩት።

ወይዘሮ የሚሉኝ ለዕድሜዬ ነው እንጂ አላገባሁም። የመጀመሪያው የቅጥር ደብዳቤዬማ "አቶ ታደለች" ነው የሚለው። ኤሌክትሪሺያን ሴት ትሆናለች ብሎ ያሰበ ጸሐፊ አልነበረም። ላስተካክለው ብዬ ሁለት ጊዜ ተመላለስኩ፤ ሦስተኛውን ተውኩት። ስለ ደመወዝና ስለ ወረቀት ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

የተወለድኩት ወላይታ፣ ዱቦ ሚሲዮን አጠገብ ነው። ሲመሽ ከሚሲዮኑ ግቢ መብራት ይታየን ነበር፤ እኛ ቤት ኩራዝ ነው። አባቴ ከእንሰቱ ሥር ቆሞ "ያ እሳት ጭስ የለውም" ይለኝ ነበር። ጭስ የሌለው እሳት ምን እንደሆነ ለማወቅ ስል ይመስለኛል ቴክኒክ ትምህርት ቤት ገብቼ ኤሌክትሪክ የመረጥኩት። ከክፍሉ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። ወንዶቹ ክፉ አልነበሩም፤ ግን ምሳ ሲበሉ ማንም ነይ አላለኝም፣ እኔም ሄጄ አልተቀመጥኩም።

የመጀመሪያ ምድቤ ዲምቱ ነበር፣ የውሃ ፓምፕ ጣቢያ። ሞተሩ ሲጮህ ውዬ ማታ ዝም ያለ ቤት እገባለሁ። የተከራየሁባት ክፍል ከአንዲት የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ክፍል ጋር በአንድ ግድግዳ ትገናኝ ነበር። አስተማሪዋ አስቴር ትባላለች። አንድ ማታ ግድግዳውን አንኳኩታ "አንቺ ሴትዮ፣ ብቻሽን ነው የምትበዪው?" አለችኝ በወላይትኛ። "አዎ" አልኳት። "እኔም ብቻዬን ነኝ። ቦይና ቀቅያለሁ፣ ነይ።" ቦይና የምንለው ጎደሬን ነው። ከዚያ ማታ ጀምሮ አብረን በላን።

አስቴር እንደ እኔ ዝምተኛ አይደለችም። ትዘምራለች፣ ትስቃለች፣ ተማሪ ስትቆጣ ከመንገድ ማዶ ይሰማል። ከሁሉ በላይ ግን ጽሕፈቷ! ጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፈችውን የሚያጠፋ ተማሪ ያሳዝነኝ ነበር። የወረዳ መሥሪያ ቤቶች ሳይቀሩ "የበር ላይ ጽሑፍ ጻፊልን" እያሉ ይመጡባት ነበር።

ከዲምቱ ወደ ሻንቶ ተዛወርኩ፤ እዚያ ጥቂት ዓመት ሠርቼ ሶዶ ሆስፒታል ገባሁ። አስቴርም ጴጥሮስ የሚባል የቢሮ ሠራተኛ አግብታ ሶዶ መጣች። ቤታቸው ከኔ ቤት የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። እሁድ ከጸሎት ቤት ስንወጣ እኔ ወደ ቤቴ አልሄድም፤ ወደ አስቴር ቤት ነው። ልጆቿ አክስቴ ይሉኛል። ማእዱ ላይ የኔ ቦታ የታወቀ ነበር፣ ከመስኮቱ ሥር። ሰው "ለምን አታገቢም?" ሲለኝ መልስ ያላጣሁት እሁድ ስለነበረኝ ነው።

ሥራውን ሥራ አድርገው ያስተማሩኝ ጋሽ ማዳልቾ ናቸው፤ የጥገና ክፍሉ ኃላፊ። አጭር፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ ሸሚዛቸው እስከ አንገት የተቆለፈ ሰው ነበሩ። የተበላሸ ሶኬት ሲጠቁሟቸው ካቻቪቴ አያወጡም። መጀመሪያ ጎንበስ ብለው ያሸቱታል። "የተቃጠለ ፕላስቲክና የተቃጠለ ሽቦ ሽታቸው አንድ አይደለም፤ ልመጂው" ይሉኛል። ከዚያ ብሬከር ያጠፋሉ። ብሬከር ጠፍቷል ብሎ የነገራቸው ሚኒስትርም ቢሆን አያምኑም። መብራት መኖሩን የሚያሳየውን ቴስተር መጀመሪያ መብራት ያለበት ሌላ ሶኬት ላይ ይሞክሩታል፣ ቀጥሎ የሚከፍቱት ላይ፣ እንደገና ተመልሰው መብራት ያለበት ላይ።

"ለምን ሁለቴ?" አልኳቸው አንድ ጊዜ።

"ቴስተር እንደ ምስክር ነው፣ ታደሉ። መጀመሪያ እውነቱን በምታውቂበት ነገር ጠይቂው። ከጨረሰም በኋላ ጠይቂው፤ መሐል ላይ ታሞብሽ ሊሆን ይችላል።"

ሶኬቱን ከከፈቱ በኋላ ደግሞ ሽቦውን ነው የሚያዩት። "ሰው ሶኬት ተቃጠለ ብሎ ይጠራሻል። ሶኬት ዝም ብሎ አይቃጠልም። ያቃጠለውን ሳታገኚ አዲስ ከገጠምሽ፣ አዲሱንም ለዚያው እሳት ነው የሰጠሽው።" ብዙ ጊዜ ያቃጠለው የላላ ብሎን ነው። አንዳንዴ ደግሞ ለአምፖል የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ ምድጃ ሰክተውበት ይገኛል። እንዲህ ከሆነ ጋሽ ማዳልቾ አዲስ ሶኬት አይገጥሙም፤ ከብሬከሩ ጀምሮ ወፍራም ሽቦ ካልተሳበ በቀር እንቢ ብለው ዕቃቸውን ይሰበስባሉ። የሽቦውን ልባስ ሲገፍፉ መዳቡን ሳይጭሩ ነው፤ የተጫረ ቦታ ላይ ሽቦ ይሰበራል። ብሎን ካጠበቁ በኋላ እያንዳንዱን ሽቦ በሁለት ጣት ይዘው ሳብ ያደርጉታል። "ስትስቢው ካልመጣ ነው ያሰርሽው" ይላሉ።

ለመግዛት ስንሄድ የምንሄደው ነስሩ ሱቅ ነው። ነስሩ ቤተሰቦቹ ከስልጤ የመጡ፣ እሱ ግን ሶዶ የተወለደ ነጋዴ ነው፤ የኤሌክትሪክ ዕቃ ይሸጣል፣ ፍሪጅና ምድጃም ያመጣል። ጋሽ ማዳልቾ ሶኬቱን በመዳፋቸው ይመዝኑታል፤ ከቀለለ መልሰው ያስቀምጡታል። ጀርባውን ገልብጠው ውስጡ ያለው ነሐስ ስስ ይሁን ወፍራም ያያሉ። ሁሉንም ዓይነት ስፒና እቀበላለሁ የሚለውን ባለ ሰፊ ቀዳዳ ሶኬት አይወዱም። "ሁሉን የሚቀበል አንዱንም አይዝም" ብለው ስፒና ሰክተው ያንጠለጥሉታል፤ ስፒናው ከወደቀ እሳት የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። አሥራ ስድስት አምፔር የሚል ጽሑፍ ይፈልጋሉ። ልጅ ላለበት ቤት ቀዳዳው በውስጥ የሚዘጋውን፣ ሕፃን ሚስማር ቢከት የማይገባለትን ይመርጣሉ። አንድ ጊዜ አዲስ ዓይነት ሲመጣ አንዱን ገዝተው ጠርዙን ሰብረው ክብሪት ለኮሱበት። ክብሪቱ ሲነሳ ፕላስቲኩ መንደዱን ቀጠለ።

"ነስሩ፣ ይሄን ለማን ልትሸጥ ነው?"

ነስሩ ራሱን ነቀነቀ። "ወላሂ ጋሼ፣ እኔ ዕቃ አምጪ እንጂ አቃጣይ አይደለሁም።" ካርቶኑን ሙሉ ወደ አስመጪው መለሰው። ነስሩ እንዲህ ያለ ሰው ነው።

ጋሽ ማዳልቾ አጥብቀው የከለከሉኝ አንድ ነገር ነበር። ሶኬት ሦስት ሽቦ ይፈልጋል፦ መብራቱን የሚያመጣ፣ መብራቱን የሚመልስና ሦስተኛው ከግቢ አፈር ውስጥ ከተቀበረ የመዳብ ዘንግ የሚመጣ፤ እኛ ኧርዝ የምንለው። የብረት አካል ያለው ዕቃ ውስጡ ቢበላሽ ኤሌክትሪኩ በሰው በኩል ሳይሆን በዚያ ሽቦ ወደ መሬት ይወርዳል። የብዙ ሰው ቤት ግን ሦስተኛው ሽቦ የለውም። ስለዚህ ብዙ ሠራተኛ አቋራጭ መንገድ ለምዷል፤ ሶኬቱ ውስጥ አንድ አጭር ሽቦ ከመላሹ ወደ ኧርዙ ቦታ ያገናኛል። ቴስተር ደህና ይላል፣ ባለቤቱ ደስ ይለዋል።

"ያ ውሸት ነው" ይላሉ ጋሽ ማዳልቾ። "መላሹ ሽቦ አንድ ቀን ከተበጠሰ፣ መሄጃ ያጣው መብራት በዚያ አጭር ሽቦ ዞሮ የዕቃውን ብረት ይሞላዋል። ኧርዝ ከሌለ የለም በይ። ወይ ቆፍረሽ ቅበሪ፣ ወይ ለባለቤቱ እቅጩን ንገሪ።"

ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። የምጽፈውም ለዚህ ነው።

የአስቴር ትልቋ ልጅ የተመረቀች ሰሞን ነስሩ ዘንድ ፍሪጅ ገዙ፣ ትልቅ፣ ነጭ። ዓርብ ከሰዓት መጥቶ ወጥ ቤት ቆመ። የወጥ ቤቱ ሶኬት ግን ጥቁር ሆኖ ቀልጧል። አስቴር ደወለችልኝ። "ታዱ፣ ነገ እንግዳ አለብኝ፣ ሥጋው ሊበላሽብኝ ነው።" ከሥራ ወጥቼ በነስሩ ሱቅ በኩል አልፌ ጥሩውን ሶኬት መርጬ ሄድኩ።

ብሬከሩን አጠፋሁ፣ ቴስተሩን ሁለቴ ሞከርኩ፣ ከፈትኩ። ያቃጠለው የላላ ብሎን ነበር። ሽቦው ወፍራም ነው፣ የተጎዳውን ጫፍ ቆርጬ አዲስ ገፈፍኩ። ሦስተኛ ሽቦ ግን የለም። ዘንግ ለመቅበር ቢያንስ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ግቢው በድንኳን እንጨት ተሞልቷል፣ ሴቶች ሽንኩርት ይከትፋሉ። አስቴር በር ላይ ቆማ "አለቀ?" ትለኛለች።

"አስቴር፣ ኧርዝ የለውም እኮ።"

"እሱ ምንድነው?"

ማስረዳት ጀምሬ ነበር። አንዲት ሴት ከውጭ "አስቴር! ድስቱ!" ብላ ጠራቻት። አስቴር ትከሻዬን መታ አድርጋ "አንቺ የምታውቂውን አድርጊ፣ እኔ አንቺን ነው የማምነው" ብላኝ ሄደች። አጭሯን ሽቦ ቆረጥኩና ከመላሹ ወደ ኧርዙ አገናኘሁ። ሰኞ ዘንግ ይዤ እመጣለሁ ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ፍሪጁ ተነሳ፣ ሴቶቹ እልል አሉ። ሰኞ ጄኔሬተር ተበላሸብን። በሚቀጥለው ሳምንት ዝናብ ነበር። ከዚያ በኋላ በየእሁዱ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ እየበላሁ ፍሪጁ ሲሠራ እሰማው ነበር፤ ሰኞዬንም ረሳኋት።

ክረምት ገባ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ወርክሾፕ ሳለሁ ድንገተኛ ክፍል የምትሠራ ልጅ እየሮጠች መጣች። "እትዬ ታደሉ፣ ጓደኛሽን አምጥተዋታል።" ስደርስ አስቴር አልጋ ላይ ናት፣ ቀኝ እጇ በፋሻ ተጠቅልሏል፣ ዓይኗ ክፍት ነው ግን አታየኝም። ጴጥሮስ እግሩ ጭቃ እንደሆነ ግድግዳ ተደግፏል።

"ምንድነው የሆነው?"

"እኔ አላውቅም፣ ታደለች። የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ወጥ ጥዳ ነበር። መብራት ጠፋ። ሥጋው ሳይበላሽ ላውጣ ብላ ወለል እያጠበች በነበረበት እጇ ፍሪጁን ያዘች። ያዛት፣ አለቅም አላት። በወንበር መትቼ ነው ያላቀቅኳት።" ከዚያ ዓይን ዓይኔን እያየ "መብራት ጠፍቶ ፍሪጅ ሰው ይይዛል እንዴ?" አለኝ።

እኔ መልሱን አውቀው ነበር። መብራት አልጠፋም። ቆጣሪው ጋ መላሹ ሽቦ በዝናቡና በነፋሱ ተበጥሷል፤ ቤቱ ጨለማ ሲሆን መብራቱ ግን በምድጃው አልፎ፣ በእኔ አጭር ሽቦ ዞሮ፣ ፍሪጁ ላይ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። "ቤቱን ልየው" አልኩት፣ ቁልፉን ሰጠኝ።

ያን ቀን ያደረግሁት ይህ ነው። ቆጣሪው ጋ የተበጠሰውን አሰርኩ። ሶኬቱን ከፈትኩ፣ አጭሯ ሽቦ ልባሷ ቀልጦ እዚያው ነበረች። በፒንሳ ቆርጬ አወጣኋትና ኪሴ ከተትኳት። ሶኬቱን መልሼ ዘጋሁ። ጴጥሮስ ማታ ላይ ሲመጣ እጄን በሁለት እጁ ይዞ "እግዚአብሔር ይባርክሽ፣ እህታችን" አለኝ። ቁልፉን መለስኩለትና ወጣሁ።

አስቴር ዳነች፤ ሁለት ጣቶቿ ግን ታጥፈው ቀሩ። ከተማው ደግሞ ጥፋተኛውን አገኘ፦ ፍሪጁ ነው። "መብራት ጠፍቶም ያጠራቅማል፣ ይገድላል" ተባለ። ጴጥሮስ ፍሪጁን በጋሪ ጭኖ ነስሩ ሱቅ በር ላይ አራገፈው። ነስሩ አንድ ቃል ሳይከራከር ተቀበለው። ሰው ሱቁን እየተሻገረ ማዶ መግዛት ጀመረ። በሳምንቱ ነስሩ ራሱ አስጠራኝ።

"ታደለች፣ አንቺ ባለሙያ ነሽ። እስቲ ፈትሺልኝ። ጥፋቱ የኔ ከሆነ ልወቀው።"

ፈተሽኩት። ለይስሙላ ያህል በቴስተር፣ በመለኪያ፣ ግማሽ ሰዓት ሙሉ። "ደህና ነው" አልኩት።

"ታዲያ ምን ያዛት?"

"አላውቅም።"

ነስሩ ቀና ብሎ አየኝ። ያወቀ መሰለኝ። "እሺ፣ አመሰግናለሁ" ብሎ ሻይ አዘዘልኝ። ሻዩን ሳልጠጣው ወጣሁ።

ጋሽ ማዳልቾ ወርክሾፑ መደርደሪያ ላይ አንድ የቆርቆሮ ሣጥን ነበራቸው። በሥራ ዘመናቸው ያወጧቸው የተቃጠሉ ሶኬቶችና ሽቦዎች አሉበት፤ እያንዳንዱ ላይ ምን እንዳቃጠለው የሚናገር ቁራጭ ወረቀት ታስሯል። "ብሎን ላልቶ።" "ቀጭን ሽቦ ላይ ምድጃ።" የገዛ ራሳቸው ስህተት ላይም ስማቸውን ጽፈዋል። ፍሪጁን በፈተሽኩ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ሌላው ሠራተኛ ምሳ ሲወጣ፣ አጭሯን ሽቦ አውጥቼ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩ።

ብዙ አዩዋት። መነጽራቸውን አወለቁ።

"የአስቴር ቤት?"

"አዎ።"

"ማን ነው የገጠማት?"

"እኔ።"

አልጮሁብኝም። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። መሳቢያቸውን ከፍተው ወረቀትና ክር አወጡና ወደ እኔ ገፉት። "ጻፊ" አሉኝ። "መላሽና ኧርዝ ተገናኝቶ። ታደለች።" ብዬ ጻፍኩ። ሽቦዋን ከወረቀቱ ጋር አስረው ሣጥኑ ውስጥ ከተቷት። ከዚያ "ለኔ የነገርሽኝ አይቆጠርም። የታጠፈው ጣት የኔ አይደለም" አሉኝ።

ያኔውኑ ወደ አስቴር ቤት ሄድኩ። አስቴር ሳሎን ተቀምጣ በግራ እጇ ደብተር ላይ ፊደል ትለማመዳለች፤ ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ እንደ ሕፃን ጽሕፈት። ጴጥሮስ አጠገቧ ነበር። ቆሜ ነገርኳቸው፤ አልተቀመጥኩም። ሽቦዋን፣ ሰኞዬን፣ ኪሴን፣ ሁሉንም። ጴጥሮስ ተነስቶ ወጣ። አስቴር እርሳሱን አስቀመጠች።

"ታውቂ ነበር? ስትሠሪው፣ አደገኛ እንደሆነ ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ልትነግሪኝም ጀምረሽ ነበር።"

"ጀምሬ ተውኩት።"

ከዚያ "እንጸልይ" አለችኝ። ጸለየች፣ ስሜን ጠርታ ይቅር ማለቷን ለእግዚአብሔር ነገረች። አሜን ብለን ዓይናችንን ስንከፍት እንድወጣ በሩን በዓይኗ አሳየችኝ።

ወደ ነስሩም ሄድኩ። እሱ እስከ መጨረሻው ሰምቶኝ "እኔን ይቅርታ አትጠይቂኝ፤ ይልቅ ገበያ ቀን መጥተሽ ይህንኑ በሬ ላይ ተናገሪልኝ" አለ። ገበያ ቀን ሄድኩ። ሱቁ በር ላይ ቆሜ ለገባ ለወጣው "ፍሪጁ ደህና ነበር፣ ጥፋቱ የኔ ነው" አልኩ፤ በአማርኛም በወላይትኛም። አንዳንዱ አላመነኝም፣ አንዳንዱ ነስሩ ገንዘብ ከፍሎኝ መሰለው። ነስሩ ግን ገበያው ተመለሰለት። እኔን ከዚያ ወዲያ ቤት ለቤት ሥራ የሚጠራኝ ሰው ለዓመታት አልነበረም። አልፈረድኩባቸውም።

የአስቴርን ቤት ኧርዝ ጋሽ ማዳልቾ ራሳቸው ቀበሩት። ጴጥሮስ "እርስዎ ብቻ ይምጡ" ብሎ ነበር። በዚያ ዕድሜያቸው መዶሻ ይዘው ከቤቱ ጀርባ፣ የማጠቢያ ውሃ የሚወርድበትን እርጥብ ቦታ መርጠው ዘንጉን እስከ አንገቱ መቱት። ቀኑን ሙሉ ፈጅቶባቸው ማታ በቤቴ በኩል አለፉና በር ላይ ቆመው "ደህና ነው፣ ለክቼዋለሁ" ብቻ ብለውኝ ሄዱ። ከሁለት ዓመት በኋላ ጡረታ ወጡ፣ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ቀብራቸው ላይ የሬሳ ሣጥናቸውን ከተሸከሙት ሰዎች ኋላ ብቻዬን ሄድኩ።

እሁዴ ቀረ። አስቴር ጸሎት ቤት በር ላይ ግራ እጇን ትሰጠኛለች፣ "ደህና ነሽ?" ትለኛለች፣ ታልፋለች። ልጆቿ አክስቴ ማለት ትተው እትዬ አሉኝ። አስተማሪነቷን አልተወችም፤ በግራ እጇ ሰሌዳ ላይ ትጽፍ ነበር፣ ትልልቅ፣ የተንጋደደ ፊደል። አንድ ጊዜ በትምህርት ቤቱ አጥር በኩል ሳልፍ በመስኮቱ አየሁት፤ መንገዴን ቀየርኩ። እኔ እሁድ እሁድ ተረኛ መሆን መረጥኩ። ሆስፒታል ውስጥ የምሠራው ሥራ አይጠፋም፤ መብራት ለሄደበት ክፍል ሁልጊዜ እፈለጋለሁ፣ ሲበራ ግን ሁሉም ወደ ሥራው ይዞራል። ሥራችን ተፈጥሮው እንዲያ ነው። ከዚያ በኋላ ኧርዝ የሌለው ሶኬት አጋጥሞኝ "ግዴለም" ያለኝን አለቃም ሆነ ዶክተር ሰምቼ አላውቅም።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ባሉት ሳምንታት ማለዳ ተነስቼ ልብስ እለብሳለሁ፣ ከዚያ የምሄድበት እንደሌለኝ ትዝ ይለኛል። በአንዱ ቀን ዙሪያዬን ሳይ የራሴ ቤት ሶኬቶች ግማሾቹ የተሰነጠቁ፣ ግማሾቹ የሚንቀጠቀጡ ናቸው። የሰው ስሠራ የራሴን አላየሁም። ነስሩ ሱቅ ሄድኩ፤ እሱም ሸብቷል፣ አሁን ወንድሙ ነው የሚሸጠው። ሶኬቶቹን እየመዘንኩ፣ እየገለበጥኩ፣ ስፒና እያንጠለጠልኩ አንድ ሰዓት ቆየሁ። ነስሩ ከወንበሩ ሳይነሳ "ጋሽ ማዳልቾን መሰልሽ" አለኝ። ኤሌክትሪክ በሰው ላይ ሲያልፍ ወዲያው የሚቆርጠውን ብሬከርም ገዛሁ። የመዳቡን ዘንግ በጓሮ ራሴ ቀበርኩት። በቀን አንድ ሶኬት ብቻ ነበር የምገጥመው። በአንድ ቀን ሁሉንም መጨረስ እችል ነበር፤ ግን በማግስቱ ምን እሠራለሁ?

የመጨረሻውን በገጠምኩ ሳምንት፣ አንድ ከሰዓት በር ተንኳኳ። አስቴር ናት። ባሏ ጴጥሮስ ባለፈው ዓመት አርፏል፤ ለቅሶ ሄጄ ከሴቶቹ ኋላ ተቀምጬ ተመልሻለሁ። አሁን በፌስታል ቦይና ይዛ ቆማ በወላይትኛ ሰላም አለችኝ።

"ሳሮ፣ ታዱ። ጡረታ ወጣሽ አሉኝ። እንኳን አረፍሽ።"

ታዱ ካለችኝ ስንት ዓመቷ! ገብታ ተቀመጠች። ቤቴን ዞር ዞር ብላ አየች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደምታየው። ስለ ልጆቿ ነገረችኝ፣ አንዷ ሐዋሳ፣ አንዱ አዲስ አበባ። እኔ ስለ ምንም አልነገርኳት፤ የምነግራት አልነበረኝም። ከዚያ ከቦርሳዋ ስልኳንና ቻርጀሩን አወጣች።

"ሰፈራችን ከትናንት ጀምሮ መብራት የለም። ባትሪ ዘጋብኝ።"

"ያው፣ ከጀርባሽ አለ።"

ዘወር ብላ ሶኬቱን አየችው። ቻርጀሩን በግራ እጇ ይዛ አልተነሳችም።

"አንቺ ሰኪልኝ" አለችኝ። "እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ሶኬት ነክቼ አላውቅም። ጴጥሮስ ነበር የሚሰካልኝ። አሁን ጎረቤት እጠራለሁ።"

ተነስቼ ቻርጀሩን ተቀበልኳት። ስሰካው ዓይኗ እጄ ላይ ነበር።

"ይሄኛው መሬት አለው?"

"አለው።"

"አይተሽዋል?"

"በእጄ ነው የቀበርኩት። ለክቼዋለሁ።"

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ወደ ወለሉ እያየች "ታዱ፣ ያን ቀን ይቅር ያልኩሽ ከልቤ ነው። እውነቴን ነው። ግን አንቺን ባየሁሽ ቁጥር እጄን ይነዝረኛል። በጸሎትም አልለቀቀኝም። ለዚያ ነው የራቅኩሽ፤ ጠልቼሽ አይደለም" አለችኝ።

"አሁንስ ይነዝርሻል?"

የታጠፉትን ጣቶቿን ዘርጋ ለማድረግ ሞከረች። "ትንሽ" አለች። "ትንሽ ነው።"

ውጭ ዝናብ ጀመረ፤ ቆርቆሮው ይጮህ ነበር። አስቴር ነጠላዋን አገጯ ድረስ ስባ ወንበሩ ላይ ጋደም አለች፤ ሌሊት እንቅልፍ አልነበራት ይመስለኛል፣ ወዲያው ወሰዳት። ከሶኬቱ አጠገብ ተቀምጬ ስልኩ ጉልበቴ ላይ ነበር። ባትሪው ሠላሳ አለ፣ ስድሳ አለ። ዝናቡ አባራ። መንገድ ላይ ባጃጆች ማለፍ ጀመሩ፤ አንዱን አስቁሜ ላሳፍራት እችል ነበር። ስልኩ መቶ ሞላ። ሳልነቅለው እዚያው ተውኩት፤ አስቴርንም አልቀሰቀስኳትም።